የታክሲው መስኮት

አባቴ ካዛንቺስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። በወጣትነቱ የያዘው የሳንባ ነቀርሳ በመድኃኒት ከዳነ ቆይቷል፤ ሳሉና ዳገት ላይ ቆም እያለ መሄዱ ግን አብረውት ቀሩ።

አንድ ጠዋት ጨርቅ እየቆረጠ ሳለ ቀኝ ጎኑን ይዞ ተቀመጠ። «ወጋኝ» አለ። ትንፋሹ አጠረ። እኛ ቤት ውጋት ከሆነ ሌላ ምርመራ የለም፤ ብርድ ነው። እናቴ ጋቢ ደራረበችበት። እኔ በሩንም መስኮቱንም ጠርቅሜ ጎኑን በቅባት አሸሁት። መቀመጥ አቃተኝ፤ ከአልጋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አልጋው ስመላለስ ዋልኩ። በማግስቱ ከንፈሩ በልዞ ሳየው ሦስታችንም ወደ ሆስፒታል ታክሲ ተሳፈርን።

አባቴ መስኮት ጥግ ተቀምጦ «ክፈቺው» አለኝ።

«አባዬ፣ ንፋስ ይመታሃል» ብዬ ገርበብ ያለውንም ዘጋሁት። ከኋላ ያሉትም «ልክ ናት» አሉ። ሜክሲኮ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋጋ። ደግሞ ለመነኝ። በሦስተኛው ጊዜ ድምፅ አልነበረውም፤ በጣቱ ብቻ አሳየኝ። አልከፈትኩም።

ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ይዞ አስረዳን። የድሮው በሽታ ሳንባውን ጎድቶታል፤ የሳሳው ቦታ ሲቀደድ አየር ሾልኮ በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መሃል ተጠራቅሟል፤ ሳንባው ተጨፍልቋል።

«ንፋስ ነው ብዬ ነበር» አለች እናቴ።

«ከውጭ የገባ አይደለም እናቴ፤ ከራሳቸው ሳንባ የወጣ ነው። ትናንት ቢመጡ ጥሩ ነበር።» ሐኪሙ ወደ እኔ አላየም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎኑ ላይ ቱቦ አስገቡለት፤ ጫፉ አልጋው ሥር በተቀመጠ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ተነከረ። ሲተነፍስ ውሃው ይፍለቀለቃል፤ አየሩ እየወጣ ነው። ፍልቅልቁ ቀጥ ብሎ፣ ሳንባው መነፋቱ በራጅ እስኪታይ ድረስ ከጠርሙሱ ሥር አልጠፋሁም። ነርሷ «አንቺ ልጅ፣ በዓይንሽ ጨረስሽው እኮ» አለችኝ። ሳቅ አልመጣልኝም።

«ሊመለስ ይችላል፤ ሲወጋቸው ቶሎ ኑ፣ እንዳትጠብቁ» ተብለን ወጣን።

ወደ ቤት ስንመለስ የታክሲውን መስኮት እስከ መጨረሻው ከፈትኩለት። ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ «ልጄ፣ ዝጊው እንጂ፤ አባትሽን ብርድ ይመታቸዋል» አሉኝ። እጄ ሳላዘው ወደ መስኮቱ ሄደ። አባቴ ያዘው።

«ተዉልኝ እህቴ» አላቸው፤ «ባለፈው ዘግታልኝ ነበር።»

ሴትዮዋ ምንም ስላልገባቸው ነጠላቸውን ወደ አንገታቸው ሳቡ። እኔ ካዛንቺስ እስክንደርስ ቀና አላልኩም፤ እሱም እጄን አልለቀቀም።