ያላነበብኩት የወፍጮ መጽሐፍ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየዓመቱ ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይኸኛውን እየዘለልኩት ኖሬአለሁ። ረስቼው አይደለም። ኃጢአቱ የቱ ላይ እንደሆነ ስለማላውቅ ነው። አሁንም አላውቅም። እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከአሸተን ማርያም ተራራ ግርጌ ላለው ገበሬ ማኅበራችን የሞተር ወፍጮ መጣለት። እስከዚያ ድረስ እህል የሚፈጨው በእጅ ነበርና ሴቱ ሁሉ እልል አለ። እኔ ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ላሊበላ እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምሬ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። ከሞተሩ ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈች ቀጭን መጽሐፍ ነበረች። ሊቀመንበሩ በስብሰባ ፊት ሰጠኝና፣ "አንብበሽ ለይመር ታስረጂዋለሽ" አለኝ። ሰዉ አጨበጨበ። ከተጨበጨበልኝ በኋላ አልችልም ማለት አቃተኝ።

አያ ይመር ወፍጮውን እንዲያሠሩ የተቀጠሩ ሰው ናቸው። በዕድሜ ከአባቴ ይበልጣሉ፤ ብዙ ዘመን ወልድያ ወፍጮ ቤት ሠርተዋል። ፊደል አልቆጠሩም። የሞተርን ሕመም ግን በጆሯቸው ያውቁታል፤ ቆም ብለው ያዳምጡና "ይኸ ጠምቶታል" ወይም "ይኸ ታፍኗል" ይላሉ፤ እንዳሉትም ይሆናል።

ሦስት ቀን መጽሐፏ ላይ አፈጠጥኩ። "ዘይት" የሚለውን ቃል አወቅሁት። ከአጠገቡ 30 የሚል ቁጥር አለ። የቀረው ሁሉ ድፍን ነው። ሠላሳ ቀን ማለት ይሆናል አልኩ። ቁጥሩ የዘይቱ ውፍረት መጠሪያ መሆኑን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ከአንድ መካኒክ ነው። ያኔ ይሆናል ያልኩትን፣ ነው ብዬ ተናገርኩ። ወፍጮ ቤት ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን።

"የሞተሩን ዘይት በወር አንዴ ይዩት ይላል" አልኳቸው።

"እኛ ወልድያ በየማለዳው ነበር የምናየው። ደህና አርገሽ አይተሽዋል?"

"አይቸዋለሁ።"

"እንግዲህ አዲሱ ከአሮጌው ይለይ ይሆናል" አሉ። አመኑኝ። ያመኑት እኔን ነው ወይስ መጽሐፉን?

ገና ሲቃረብ ለእንግዳ የሚሆን ዱቄት የማይፈልግ ቤት አልነበረም፤ ወፍጮው ከንጋት እስከ ምሽት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ሞተሩ ጮኸና ቀጥ አለ። በውስጡ ጠብታ ዘይት አልተገኘም። ከአውራጃ ካድሬ መጣ። አሻጥር ነው ተባለ። አሻጥር ማለት ያን ጊዜ ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ አያ ይመር መሐል ቆመው፣ ካድሬው ወደ እኔ ዞሮ ጠየቀኝ።

"መመሪያው ስለ ዘይቱ ምን ይላል?"

"በየቀኑ ይታይ ይላል" አልኩ።

ከአፌ አመለጠኝ ልል ነበር። አላመለጠኝም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። አያ ይመር ዞር ብለው አዩኝ። አሁን ያጋልጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "መጽሐፉ እንዲያ ካለ ጥፋቱ የኔ ነው" ብቻ ብለው አንገታቸውን ደፉ። ወሰዷቸው። አሥር ወር ታሰሩ። ባለቤታቸው ስንቅ ተሸክመው በደጃችን ሲያልፉ በሬን ዘግቼ እቀመጥ ነበር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ፈርቼ ነው እል ነበር። አላበቃም።

በተፈቱ በሳምንቱ ቤቴ መጡ። ከስተዋል። ደጃፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ያን ቀን ወፍጮ ቤት በወር ነበር ያልሽኝ? ወይስ እኔ ነኝ ያልሰማሁ? እዚያ ሆኜ ሳወጣ ሳወርደው ከረምሁ። ጆሮዬ እንዲያ አታሎኝ አያውቅም።"

ካድሬ የለም። ሊቀመንበር የለም። እሳቸውና እኔ ነን። እውነቱን ብናገር ማን ይነካኝ ነበር?

"በየቀኑ ነው ያልኩዎት አያ። ተሳስተው ሰምተው ነው" አልኳቸው።

ቀኝ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። "እንግዲያው ጆሮዬ ሄዷላ" ብለው ተነሡና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሞተሩ ተጠግኖ ወደ ሥራዎ ይመለሱ ቢባሉ እንቢ አሉ። መስማት የተሳነው ሰው ሞተር አይጠብቅም አሉ። የሰው አጥር እያጠሩ ኖረው ሞቱ።

ለምን ዋሸኋቸው? የመጀመሪያው አለማወቅ ነው፤ ሁለተኛው ፍርሃት። ሦስተኛውስ? ስም ላወጣለት ስሞክር ይኸው አረጀሁ። አንዳንዴ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣብኛል፤ እሳቸው እውነቱን እያወቁ፣ በራሴ አንደበት እንድናገር በር ሊከፍቱልኝ ይሆን የመጡት? እንደዚያ ከሆነ የዘጋሁት በር ምን ያህል ትልቅ ነው? ካልሆነስ፣ ደህና ጆሮ የነበራቸውን ሰው ደንቆሮ ነኝ ብለው እንዲያምኑ አደረግኋቸው። የትኛው እንደሚከፋ መለየት አቅቶኛል።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ዘመኑ ነው አልልም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ በደሌን በገዛ ጆሯቸው ላይ አሳብበው ሞቱ።