የተካ እጅ

ዛሬ ኮልፌ ታክሲ ስጠብቅ፣ ሁለት ጎረምሶች በሳይክል ሲተላለፉ መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው አለፉ።

ልጅ እያለሁ አባቴ በሳይክሉ ከኋላው አፈናጦኝ ሲሄድ፣ ተካ ከሚባለው ጎረቤታችን ጋር እንዲሁ እየተማቱ ይተላለፉ ነበር። በአጥር ከተጣሉ ወዲህ ግን ተኮራርፈው ከረሙ። አንድ ቀን ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ሽቅብ የሚመጣው ተካ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። አባቴም ደስ ብሎት ዘረጋ። ተካ ግን ጨብጦ ጎተተው። ጠጠሩ ላይ ተነጠፍን፤ አፌ ደም ደም አለኝ።

«ቀልድ ነው!» ብሎ ሳይቆም ሄደ።

አባቴ የተላጠ ክርኑን ይዞ «እርቅ መስሎኝ እኮ ነው» አለኝ። እርቅና ሳይክል ምን እንዳገናኛቸው አልገባኝም።

ተካ አሁን ሸምግሏል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እንዴት ነሽ ልጄ?» ብሎ እጁን ይዘረጋል። እኔ እጆቼን ኪሴ ከትቼ «ደህና ይዋሉ» ብዬ አልፋለሁ።