በተራ የተሰለፉ ጫማዎች

በአርባ ስድስት ዓመቴ የነርስነት የሙያ ፈቃድ ፈተና ወደቅሁ። ጅጅጋ ውስጥ ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙ ተማሪ ፈተና ጥያለሁና፣ ዜናውን በደስታ የሰማው ሰው ጥቂት አልነበረም።

ማስተማር ለምን እንደተውሁ ለጠየቀኝ ሁሉ የተለየ ምክንያት እሰጣለሁ። እውነቱ ግን ደክሞኝ ነው። በኮሮናው ዓመት እናቴን ለማስታመም ሆስፒታል ስመላለስ፣ ሰው በሩን እያየ የሚጠብቀው ነርሷን እንደሆነ አየሁ። የእኔ ተማሪዎች በጉጉት የሚጠብቁት የመውጫዬን ደወል ነበር። በኤክስቴንሽን ተመዘገብሁ፤ መጨረሻ ላይ ለልምምዱ ስል ማስተማሩን ለቀቅሁ። ዲግሪውን ያዝሁ። ያለ ሙያ ፈቃድ ግን የሚቀጥር የለም፤ ሁለተኛውን ፈተና ብወድቅ ወደ ኋላ የምመለስበት ሥራም አልነበረኝም።

አብራኝ የምታጠናው የድሮ ተማሪዬ ነበረች። እሷም እንደ እኔ አንዴ ወድቃለች። ከመናኸሪያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ የግመል ወተት ሻያችን እየቀዘቀዘ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ የደበዘዙ የፈተና ፎቶ ኮፒዎችን እናገላብጣለን። እስከ ዛሬ የምትጠራኝ «መዓሊን» ብላ ነው፤ መምህር ማለቷ ነው። የሚያጣላን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበር።

«አራት ሕመምተኞች በአንድ ጊዜ መጡ። ቅድሚያ ለማን ትሰጣለህ?»

«ቀድሞ ለመጣው።»

«መዓሊን፣ በአንድ ጊዜ መጡ ነው የሚለው።»

«በአንድ ጊዜ የሚመጣ ሰው የለም። በሩን የሚከፍተው አንዱ ነው።»

«ምርጫው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ነው። መጨቃጨቅ የሚል የለበትም።»

በወረፋ አምናለሁ። ባለሥልጣኑንና ሊስትሮውን እኩል የሚያቆም ሌላ ነገር አላየሁም። ዳቦ ቤት፣ መታወቂያ ቢሮ፣ ሚኒባስ መያዣው ጋ ስለ ወረፋ ያልተጣላሁት ሰው የለም። «ቅድሚያ» የሚለውን ቃል የምሰማው ደግሞ ሁልጊዜ ወረፋ ከሚያቋርጥ ሰው አፍ ነው።

«መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ደም፣ ሌላው ይጠብቃል» አለችኝ ልጅቱ፣ ፎቶ ኮፒውን እያጠፈች። «ማመን የለብህም። ምረጠው ብቻ።»

ሳላምንበት መረጥሁት። ሁለታችንም አለፍን። እሷ ደገሀቡር ተቀጠረች። እኔ ለሳምንታት ከማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ከከረምሁ በኋላ ለቱሊ ጉሌድ ጤና ጣቢያ ቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ከጠያቂዎቹ አንዱ የጣልሁት ተማሪ ነበር። ማስረጃዬን አገላብጦ «ቲቸር፣ ሁለት ጊዜ ነው የተፈተኑት?» አለኝ። አዎ አልሁ። ፈገግታውን ለመደበቅ አልደከመም፤ ቢሆንም ቀጠረኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጤና ጣቢያው ስደርስ ከበሩ ጀምሮ መሬት ላይ የተሰለፈ ጫማ አየሁ። ሸበጥ፣ የላስቲክ ጫማ፣ መሃል ላይ አንድ ባዶ ጀሪካን። ባለቤቶቹ ፀሐዩን ሸሽተው ግቢው ዳር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ማንም የማንንም ጫማ አልገፋም። ሃያ ዓመት ስሟገትለት የኖርሁትን ነገር አንድ ሰልፍ ሸበጥ ሲፈጽመው ቆሜ በደስታ አየሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጫማ ባለቤት ጠራሁ።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ነበሩ። ግፊታቸውን ለካሁ፣ ካርዳቸውን በጥሩ እጅ ጽሑፍ ሞላሁና መድኃኒት እስኪመጣላቸው አግዳሚው ላይ አስቀመጥኋቸው። ሁለተኛው የእግር ቁስል ነበረው፤ አጥቤ አሰርሁለት። ሦስተኛዋን ልጠራ ስወጣ ከጥላው በኩል ድምፅ ሰማሁ፤ ሕፃን በትንፋሹ ያቃስታል። እናትየው ከሌሎቹ ዘግይታ፣ ከእኔ ግን ቀድማ የደረሰች፣ ጫማዋን መጨረሻ ላይ አኑራ ዝም ብላ ተራዋን የምትጠብቅ ሴት ነበረች። ልብሱን ገለጥሁ። ትንፋሽ በሳበ ቁጥር ከጎድኑ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

ሕፃኑን ታቅፌ በጫማዎቹ ላይ ተራምጄ ገባሁ።

«አንተ ሀበሻ! ተራ የሚባል አታውቅም?» ጮኸች የሦስተኛው ጫማ ባለቤት፣ አንዲት ጫት ነጋዴ። «ጫማዬ ከንጋት ጀምሮ ነው እዚያ የቆመው!»

የምትናገረው የእኔን ንግግር ነበር።

ኦክስጅን አደረግንለት፣ የመጀመሪያውን መርፌ ወጋሁት፣ አምቡላንሱ ወደ ጅጅጋ ይዞት ሄደ። ከሰዓታት በኋላ ሾፌሩ ደውሎ ሕፃኑ በሕይወት መድረሱንና ሆስፒታል መተኛቱን ነገረን። ወንበር ላይ ዘጭ አልሁ። በራሴ ትንሽ መኩራት ጀምሬ ነበር።

ሽማግሌው አሁንም አግዳሚው ላይ ናቸው፤ መድኃኒቱ አልመጣላቸውም።

«አዲስ ነህ?» አሉኝ በሶማሊኛ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ታስታውቃለህ። የድሮው ነርስ ገና ከበር ሲገባ ‹የባሰበት ማነው?› ብሎ ነበር የሚጠይቅ። አንተ ጫማ ስታይ ቆየህ።»

ከሕፃኑ በፊት ሁለት ሰው አክሜያለሁ፤ አንድ ጉልበት፣ አንድ እግር። ሕፃኑ ያንን ሁሉ ጊዜ እዚያው ጥላ ሥር ነበር። ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ያለፍሁትን ጥያቄ በመጀመሪያው ጠዋት ለሁለተኛ ጊዜ ልወድቀው ምንም አልቀረኝም ነበር።

በማግስቱ ጫማዎቹን አልፌ በቀጥታ ወደ ጥላው ሄድሁ።

«የባሰበት ማነው?» አልሁ።

ሁሉም እጁን አወጣ።

መነጽሬን ጠርጌ፣ ከዳር ጀምሬ የእያንዳንዱን ሰው ትንፋሽ ማየት ጀመርሁ።