ሆደ ስርጉዷ ኦ

የአራባ ኤሽዩንን የእጅ ፊደል ወሰዱባት፤ ከወሰዱባት በኋላም ሌባዋ እርሷ ናት ብለው ከሰሷት።

አራባ በሙሪ የባሕር ጠረፍ የዓሣ አጥማጆችን ታንኳዎች በጽሑፍ ስታስጌጥ የኖረች ሴት ናት። ፊደሏ ወፍራም ነው፤ ጫፉ እንደ አውራ ጣት ድብልብል ያለ፣ ታንኳው ገና ከሞገድ ጋር ሲታገል ዳር ቆመው ለሚጠብቁት ሚስቶች የሚነበብ። ይህንኑ ፊደል አንድ የዋና ከተማ የማስታወቂያ ድርጅት ፎንት፣ ማለትም የኮምፒውተር ፊደል፣ አድርጎ መሸጥ ጀመረ። ቀጥሎም አራባ በዚህ ቅርጽ እንዳትጽፍ ትታገድልኝ ሲል ለአውራጃው የንግድ ዳኞች አመለከተ። ብትታገድ ሌላ ሙያ የላትም።

ማስረጃዋ አንዲት ፊደል ነበረች፦ አፏን ወደ ግራ የከፈተችው፣ እንደ ተገለበጠ የላቲን «C» የምትጻፈው የአገሯ ኦ። በሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ በአባባ ባይዱ ታንኳ ጎን ላይ ስትጽፋት የቆርቆሮ ጥጋኝ ስለገጠማት፣ ብሩሿን በጥጋኙ ዳር አዙራ የኦን ሆድ አሰረጎደችው። የድርጅቱም ኦ ሆዷ የሰረጎደ ነው። ኮምፒውተር ላይ ምን ጥጋኝ አለ?

ዳኞቹ ረቡዕ መጥተው ታንኳውን ሊያዩ ወሰኑ።

«ረቡዕማ ባሕር ላይ ነው» አለች አራባ። «ማክሰኞ ኑ። በወጋችን ማክሰኞ ባሕሩ ያርፋል፤ ደፍሮ የሚወጣ የለም።»

የድርጅቱ ጠበቃ አቶ ላርዬ ቀና ብሎ አያት። «ማክሰኞ ይሁን፤ እኛ አንቃወምም» አለ።

ማክሰኞ ጠዋት አራባ ከዳኞቹ ቀድማ ወደ ዳርቻው ወረደች። ታንኳው ከጫፍ እስከ ጫፍ በአዲስ ሰማያዊ ቀለም ያብረቀርቅ ነበር።

«አባባ! ምን አደረጉት?»

«ለመጪው በዓል ስጦታ ነው ብለው ቀቢዎች በማለዳ መጡ፣ ልጄ። አንቺ የላክሻቸው መስሎኝ! ፍቀው፣ ቀብተው ሄዱ።»

«ፍቀው?»

«እንጨቱ እስኪታይ።»

ዳኞቹና አቶ ላርዬ ሲደርሱ አራባ ዳርቻው ላይ ከተሰቀለው የድርጅቱ የማስታወቂያ ሸራ ላይ ኦን ቆርጣ ጥጋኙ ዳር ለጠፈቻት። ስርጉዱ ጥጋኙን አቅፎ ተቀመጠ። በዳርቻው ዓሣ በጭስ የሚያደርቁት ሴቶች አጨበጨቡ።

«እሜቴ ኦ፣ ሆድሽን ማን ረገጠሽ?»

«ጠበቃው፣ ፎንትዎን አሽተውታል? ዓሣ ዓሣ ይላል እኮ!»

የዳኞቹ ሰብሳቢ አልሳቀም። «ጥጋኙን አይተናል። ፊደሉ የታለ?»

«ያስፋቀውን ይጠይቁልኝ፣ ጌታዬ። ቀለሙ እንኳ አልደረቀም።»

«እኛ የመጣነው ፊደል ለማየት ነው። የለም።»

ሰብሳቢው እጁን በታንኳው ላይ አሳርፎ ነበር፤ ሲያነሳው መዳፉ ሰማያዊ ሆኗል። በመሐረብ ጠረገው።

እግዱ በዚያው ሳምንት ተወሰነባት። ቀለሙን ማን እንደላከ አቶ ላርዬን የጠየቀው የለም። ፎንቱ ዛሬም ከነስርጉዱ ይሸጣል። የአራባ ይግባኝ አልታየም።