የእስከዳር ሁለት ጀሪካኖች

መጀመሪያ ጓንቷን ታጠልቃለች። የቀኙ አውራ ጣት ስለተቀደደ በፕላስተር ጠቅልላዋለች። ቀጥሎ በአስራ ዘጠኝ ቁጥር መፍቻ የእጅ ፓምፑን ክዳን ትፈታለች። የወጣውን ብሎን መሬት አትጥልም፤ ገልብጣ ባስቀመጠችው ኮፍያዋ ውስጥ ትጨምረዋለች። ሰንሰለቱን ከዘንጉ ታላቅቃለች፣ እጀታውን ትነቅላለች፣ የፓምፑን ራስ አንስታ ጆንያ ላይ ታሳርፋለች። ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ክላምፑን ታስራለች። ክላምፕ ቧንቧው ወደ ላይ ሲሳብ የሚለቀው፣ ወደ ታች ልሂድ ሲል ደግሞ ነክሶ የሚያስቀረው ብረት ነው። ጥርሱን በጣቷ ትዳስሳለች፤ ግሪስ ከነካው ስለማይነክስ በደረቅ ጨርቅ ትወለውለዋለች። በመጨረሻ እሷ በግራ፣ የሥራ ባልደረባዋ ወንዳወቅ በቀኝ ቆመው ማንሻ ብረቶቹን ይጨብጣሉ። ዝቅ ትላለች፣ ጀርባዋን ታቀናለች፣ ትንፋሿን ትይዛለች።

እስካለፈው ግንቦት ድረስ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነበር። ቧንቧው ስንዝር ያህል ከፍ እንዳለ ከኋላዋ አንድ የወንድ እጅ ይመጣል።

"አምጪው እህቴ፤ ተይው፣ ትጎጃለሽ።"

እጁ ብረቱን ይወስዳል፣ እስከዳር ባዶ እጇን ትቆማለች።

እስከዳር የወረታ ልጅ ናት። ሙያ ኮሌጅ የውሃ ሥራ ተምራ ሰቆጣ ከተመደበች አራት ዓመት ሆኗታል። ዕድሜዋ ሃያ ሰባት፣ ሰውነቷ ቀጭን ነው። ወንዳወቅ "ነፋስ ባለበት ቀን ኪስሽ ውስጥ መፍቻ ያዢ" እያለ ይቀልድባታል። የተበላሸ ፓምፕ ድምፁን ሰምታ የቱ የውስጥ ጎማ እንዳለቀ ትናገራለች፤ በዚህ ወንዳወቅም አይከራከራትም። የሚያከራክራቸው ማንሳቱ ነው።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። አስራ አምስት ሜትር ጉድጓድ ውስጥ አምስት የብረት ቧንቧ ተንጠልጥሏል። ከነዘንጉ፣ ከነሲሊንደሩና ውስጡ ከቀረው ውሃ ጋር ሰማንያ ኪሎ ግድም ይሆናል። ለሁለት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ አርባ ነው። ይህን ከጉልበት አንስቶ ወደ ደረት ማምጣት ያስፈልጋል። አንድ ቧንቧ ተፈትቶ በወጣ ቁጥር ሸክሙ ስለሚቀል ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ነው። እስከዳርም ሁልጊዜ የምትነጠቀው የመጀመሪያው ላይ ነበር።

በኅዳር ወር ብረት ማንሳት ጀመረች። ሰቆጣ ላይ ጓንጉል የሚባል በያጅ ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ በራሱ እጅ የሠራቸውን ብረቶች አስቀምጧል። የዘይት ፕላስቲኮችን አንገታቸውን ቆርጦ፣ የቧንቧ ቁራጭ ጫፍና ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ሲሚንቶ ሞልቶባቸዋል። ከሦስት ሊትር ፕላስቲክ የተሠራው "ባለ ሦስት"፣ ከአምስት ሊትር የተሠራው "ባለ አምስት" ይባላል። ከዚያ በላይ ያለውን የሚነካው ራሱ ጓንጉል ብቻ ነው።

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፤ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ እንደወጣች ትሄዳለች። አንድም ቀን አላጓደለችም። ባለ ሦስቱ በአስራ አምስት ቀን ውስጥ ቀለላት። ወደ ባለ አምስቱ ስታልፍ ግን ብረቱ እምብርቷ ጋ ደርሶ ይቆማል። ታኅሣሥ እምብርቷ ጋ ነበር፤ ጥርም እዚያው።

ጥር ላይ ነው የመሥሪያ ቤቱ የጥገና ኃላፊ አቶ መልሰው የጠሯት።

"እስከዳር፣ ቡድኑ ሦስት ሰው መሆኑ ቀርቷል። ሰው የለኝም። ከእንግዲህ አንድ መኪና፣ ሁለት ሰው ነው።"

"እኔና ወንዳወቅ እንችላለን።"

"ትችያለሽ ወይስ የመንደሩ ሰው ይችልልሻል? በሥራ ቀን የሄድንበት ቦታ ሰው ባይኖርስ? ከፋሲካ በኋላ አብሬያችሁ ወጥቼ አያለሁ። ካልሆነ መለዋወጫ መጋዘኑን ትይዣለሽ። ቅጣት አይደለም፤ ብሎን ከነቁጥሩ የሚያውቅ ሰው እዚያም ያስፈልገኛል።"

በክፋት የተናገሩት አልነበረም፤ ይህ ነው የከበዳት። መጋዘን ማለት ለእስከዳር ቀኑን ሙሉ መደርደሪያ መሀል ተቀምጦ፣ ውሃው ሲመለስ ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው የሚሮጡትን ሩጫ አለማየት ነው።

ስለዚህ የልምምድ ቀኑን በሳምንት ከሦስት ወደ አምስት አሳደገችው። ብረቱ ግን እዚያው እምብርቷ ጋ ነው። ምክር በየአቅጣጫው መጣ። ወንዳወቅ የማሽላ ገንፎ በቅቤ አዘዘላት፤ ጾሙ ሲገባ ቅቤውን አንስቶ ተልባ ተካላት። ጓንጉል ደግሞ "ተናደጂበት" አላት። ተናደደችበት፤ ብረቱ ግድ አልሰጠውም። ከሁሉ የሚያበሳጫት ሒሳቡ ነበር። ባለ አምስቱ በእሷ ስሌት አስር ኪሎ ሲሚንቶና ሦስት ኪሎ ቧንቧ፣ በድምሩ አስራ ሦስት ኪሎ ነው። አስራ ሦስት ኪሎ ደረቱ የማያደርስ ሰው አርባ ኪሎ እንዴት ያነሳል? ይህን ቁጥር ለማንም ሳትናገር ለብቻዋ ይዛው ከረመች።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ጓንጉል ፃግብጂ ውስጥ የበርና የመስኮት ሥራ አግኝቶ ለሳምንት ሄደ። እስከዳር ቀን እንዳያልፋት ባለ አምስቱን በባጃጅ ጭና ወደ ተከራየችበት ግቢ ወሰደችው። አከራይዋ እትዬ እታገኝ የማር ነጋዴ ናቸው። ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ብረቱ ከማር ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተጋድሞ አገኙት።

"ማነው ይሄን ደጃፌ ላይ የጣለው?"

"እኔ ነኝ እትዬ፣ ይቅርታ። በእግርዎ ገፋ ያድርጓት፤ አስራ ሦስት ኪሎ ናት።"

እትዬ እታገኝ ገፉት፤ አልሄደም። ጎንበስ ብለው በአንድ እጃቸው ጫፉን ከፍ አደረጉና መልሰው አስቀመጡት።

"ስንት ነው ያልሽው?"

"አስራ ሦስት። አምስት ሊትርና አምስት ሊትር አስር ኪሎ፣ ቧንቧው ሦስት።"

"አንቺ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ማር ስመዝን ኖሬ አስራ ሦስት ኪሎ ይጠፋኛል? ነይ፣ ያንን ጫፍ ያዢ።"

የማር ጣሳ የሚመዝኑበትን ተንጠልጣይ ሚዛን ከማገሩ አወረዱ። ብረቱን ወገቡ ላይ በገመድ አስረው ሰቀሉት። መርፌው ዞረ፣ ተወዛወዘ፣ ቆመ። ሃያ ስድስት።

እስከዳር ተጠግታ አየች። ራቅ ብላ አየች።

"ሚዛንዎ ትክክል ነው?"

"ሌላ ሰው እንዳይሰማሽ!" አሉ እትዬ እታገኝ ወገባቸውን ይዘው። "የኔ ማር እንኳ በአምስት ሊትር ጀሪካን ሰባት ኪሎ ይመታል። ይሄ ደግሞ ድንጋይ ነው። ለመሆኑ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው ያለሽ ማነው?"

"ውሃ" አለች እስከዳር።

እውነቷን ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በትምህርትም በሥራም፣ ሊትር አይታ ኪሎ ስትል ኖራለች። ታንከር ስትለካ ያ ልክ ነው፤ ጀሪካን ስትሸከምም ልክ ነው። ሲሚንቶው ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ማሰብ አልመጣላትም። ከሲሚንቶው ጋር ተደባልቆ የፈሰሰው ጠጠርና አሸዋ ከውሃ ሁለት እጥፍ በላይ እንደሚመዝን ቢጠይቋት ትመልስ ነበር፤ የጠየቃት ግን የለም። ጓንጉል እንደሆነ ኪሎ ቆጥሮ አያውቅም።

ወዲያው እዚያው ሚዛኑ ሥር ቁጭ ብላ አሰላችው። ባለ ሦስቱ ዘጠኝ ሳይሆን አስራ ሰባት ኪሎ ነበር። ከባለ ሦስት ወደ ባለ አምስት ስታልፍ አራት ኪሎ የጨመረች መስሏት የጨመረችው ዘጠኝ ነው። ስልኳ ላይ ያለው የልምምድ መመሪያ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ጨምሪ ይላል። እሷ ደረጃውን በአንድ ጊዜ ልትዘል ስትሞክር፣ ሲያቅታት ደግሞ ያንኑ ዝላይ በሳምንት አምስት ቀን ስትደጋግም ሦስት ወር ሄደ። ሳቀች። በኋላ ሦስት ወሩ ትዝ አላትና ሳቋ ቆመ። ቀጥሎም እንደገና ሳቀች።

መፍትሔው ከዚያው ከለመደችው ነገር መጣ። ግቢው ውስጥ የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚመጣ ሁልጊዜ የተሞሉ ጀሪካኖች ይደረደራሉ። ሁለቱን ለየች፤ ያንን የሦስት ኪሎ ቧንቧ የሚያህል ሌላ ቁራጭ በእጀታዎቻቸው አሳልፋ በሽቦ አሰረች። በእያንዳንዱ ስምንት ሊትር ጨመረች። ውሃ ሲሆን ሊትሩ ኪሎ ነው፤ አስራ ስድስትና ሦስት አስራ ዘጠኝ። ደረቷ ደረሰ። በሳምንቱ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ እየለካች ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሃይላንድ ጨመረች። ሃያ አንድ። ይህም ደረሰ። ቀኑንም ወደ ሦስት መለሰችው፤ ለካ ክንዷ ዕረፍት አጥቶም ነበር።

"ውሃዬን እንዳትደፊብኝ እንጂ የፈለግሽውን አንሺ" አሉ እትዬ እታገኝ።

በአራተኛው ሳምንት ሃያ አምስት ኪሎ ላባ ሆነላት። በደስታ ለወንዳወቅ ደወለች። "ዛሬ ቢያንስ ሁለት ኪሎ መጨመር እችላለሁ፣ ምንም አልመሰለኝም!" ስልኩን ስትዘጋ እትዬ እታገኝ ከማር ቤቱ ብቅ አሉ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪኝ።"

"ምን?"

"ጠዋት የማር ማጥሪያውን ያጠብኩት ከዚያ ጀሪካን ነው።"

"ስንት ቀዱ?"

"ከወዲህ ሁለት ኩባያ፣ እንዳይዛባብሽ ብዬ ከወዲያም ሁለት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀሪካኖቹ ላይ በማርከር መስመር ተሰመረ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ሃያ ሰባት ኪሎ እምቢ አለ። ቀድሞ ቢሆን እስኪሰለቻት ትታገለው ነበር። አሁን ከእያንዳንዱ አንድ ሃይላንድ ቀንሳ ሃያ ስድስት አደረገችው፤ በሳምንቱ መለሰችው፤ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ጭማሪው በሳምንት አንድ ኪሎ ብቻ ሆነ። ግንቦት ሲገባ ሠላሳ አንድ ኪሎ ከጉልበቷ እስከ ደረቷ ታመጣለች። አርባው ሲሞከር ግን እምብርቷ ጋ ነው የሚቆመው። ጊዜውም አለቀ።

ወደ ዝቋላ ወረዳ የወጡት ማክሰኞ ነው። መንደሩ ፓምፑ ከቆመ አስራ አንድ ቀን ሆኖት ሴቶቹ ወንዝ ድረስ ይመላለሳሉ። አቶ መልሰው ከመኪናው ወርደው ጥላ ሥር ቆሙ። የፓምፑ ጠባቂ አያ ዋሴ የተባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ክላምፑን በእግራቸው ረግጠው የሚለቁትና የሚያስነክሱት እሳቸው ናቸው። ዙሪያውን ጎረምሶች ከበዋል፤ እጃቸው ከወዲሁ ተዘርግቷል።

"አያ ዋሴ" አለች እስከዳር ጓንቷን እያጠለቀች፣ "ዛሬ ማንም እንዳይነካብኝ ያዙልኝ።"

"ቢወድቅብሽስ ልጄ?"

"ክላምፑ በእርስዎ እግር ሥር ነው። እርስዎ ካሉ አይወድቅም።"

ሽማግሌው ይህን ወደዱት። ወደ ጎረምሶቹ ዞረው በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር አሉ፤ ሁሉም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

ወንዳወቅ ዝቅ አለ፣ እስከዳር ዝቅ አለች። ተነሳ። ከጉልበት ወጣ፣ ታፋ አለፈ፣ እምብርት ጋ ደረሰና ቆመ። ክንዷ ተንቀጠቀጠ። አንድ ጎረምሳ ወደ ፊት ራመድ አለ።

"እዚያው!" አሉ አያ ዋሴ።

"ያስነክሱት" አለች እስከዳር። ሽማግሌው እግራቸውን ለቀቁ፤ ክላምፑ ቀጭ ብሎ ነከሰ። ቧንቧው በቦታው ቀረ።

ክላምፕ ምን ያህል ከፍ አደረጋችሁ ብሎ አይጠይቅም፤ ያመጣችሁለትን ይይዛል። እስከዳር ትንፋሿን ሰብስባ ማንሻውን ዝቅ አድርጋ እንደገና ያዘች። ወንዳወቅ ከሌላ ወንድ ጋር በሁለት ስበት የሚያወጣውን በአራት አወጡት። አያ ዋሴ እያንዳንዱን ስበት በኽምጣኛ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ ጎረምሶቹም ማንሳቱ ሲቀርባቸው መቁጠሩን ተቀበሏቸው። የመጀመሪያው ቧንቧ ተፈትቶ ጆንያው ላይ ሲያርፍ አንዲት ሴት እልል አለች። ሁለተኛው በሦስት ስበት ወጣ። ሦስተኛው ላይ ወንዳወቅ "ቀስ በይ፣ እኔም ሰው ነኝ" አላት።

ያለቀውን ጎማ ቀይራ፣ ሁሉንም መልሰው አውርደው፣ ውሃው ሲመጣ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። አቶ መልሰው ፊታቸውን ታጠቡበት።

"አርባ ደቂቃ ዘግይታችኋል" አሉ ፊታቸውን በመሐረብ እያደረቁ።

"አዎ።"

"በሁለት ሰው አርባ ደቂቃ ግን ይቻላል።" መሐረቡን ኪሳቸው ከተቱና "ለመጋዘኑ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ" አሉ።

አሁን ጀሪካኖቹ ሠላሳ አራት ላይ ናቸው። አርባ ገና ነው፤ እስከዳርም አትቸኩልም። ጓንጉልም አዲስ ብረት ሲሠራ በእትዬ እታገኝ ሚዛን ላይ እያስመዘነ ቁጥሩን በቀለም መጻፍ ጀምሯል። ይህ ታሪኳ ሊጻፍ እንደሆነ ሲነገራት እስከዳር ለምታነቡት ሁሉ አንድ መልእክት ላከች፤ ቃሏ እንዲህ ነው፦

"መንደራችሁ ፓምፕ ልንጠግን ስንመጣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ እንድትቆሙ አይደለም የምለምናችሁ። ቅረቡ፣ ቁሙ፣ ተዘጋጁ። ግን ክንዴ ስለተንቀጠቀጠ ብቻ አትንጠቁኝ፤ መንቀጥቀጡ መሥራቱ ነው። ሲያቅተኝ 'ያዙ!' ብዬ እጮሃለሁ። ያኔ ሁላችሁም ያዙ። እስክጮህ ድረስ ግን፣ እባካችሁ፣ ቁጠሩልኝ።"