በቢጫዋ ኮፍያ ውስጥ

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሳጥኗን የከፈትኩት ትናንት ነው። መጀመሪያ የናፍታሊኑ ሽታ መጣብኝ። ከሥር በነጠላዋ ተጠቅልላ ቢጫዋ የሕፃን ኮፍያ አለች። እጄን መለስኩት። አርባ ዓመት ሙሉ ያቺን ኮፍያ ነክቻት አላውቅም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ያኔ ናዝሬት አውቶቡስ ተራ፣ ጣሪያ ላይ ዕቃ ጫኝ ነበርኩ። እኔ ያሰርኩት ዕቃ መንገድ ላይ ተፈታ ያለኝ ሰው የለም። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወሯ ገብቷል፤ በር ላይ ተቀምጣ ኮፍያዋን በኪሮሽ ትሠራለች። እናቷ ሊያርሷት ከቡልቡላ መጥተዋል። ልቃቂቱ አንዴ አልቆባት አዲስ ክር ስትቀጥል፣ አማቴ ሲነግሯት ሰማሁ።

"ላልተወለደ ልጅ ክር አይቋጠርም፤ ምጡን ያስራል። ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን አስተኚና ሰባት ጊዜ አብረሽ ሥሪያቸው።"

በማግስቱ ሁለቱም ገበያ ወጡ፤ ሥራው ወንበር ላይ ቀርቷል። እስቲ ልየው ብዬ ሳነሳ፣ የሻከረው ጥፍሬ ክሩን ያዘና በጠሰው። ኮቴያቸው ደጅ ተሰማ። ሌላ የማውቀው ስለሌለ እንደ ዕቃ ገመድ ጥብቅ አድርጌ ቋጠርኩና ልቃቂቱ ላይ ጠቅልዬ ደበቅሁት። ባለቤቴ ገብታ ሥራዋን ቀጠለች።

ምጡ በማለዳ ጀመራት። በጋሪ ጤና ጣቢያ አደረስናት፤ ኮፍያዋም ከሕፃኑ ጨርቅ ጋር ወደ ውስጥ ገባች። እኔና አማቴ ደጅ ቀረን። ንፋሱ አቧራውን ቆርቆሮው ላይ ይረጫል፤ ቆርቆሮው በተንኳኳ ቁጥር በሩ የተከፈተ ይመስለኛል። ቀትር ሆነ። ድምጿ እየደከመ መጣ። አዋላጇ ብቅ ብላ "ገና ነው" አለችና ዘጋችው። ፊቷን አልወደድኩትም።

አማቴ መቀነታቸውን ፈቱ። "አንተም የቋጠርከው ካለ ፍታ።"

የጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁ። ቀበቶዬን ፈታሁ።

"ሱሪህን እንኳ ያዝ፣ ሰው ያያል" አሉና ዓይን ዓይኔን አዩኝ። "ሌላስ?"

"የለም እማማ።"

ብናገር ይረግሙኛል፤ ባልናገር ደግሞ ገዳይዋ እኔ ነኝ። ቋጠሮው በሩን አልፎ ገብቷል፣ እጄ አይደርስበትም። እኔ የቋጠርኩት ደግሞ እንደማይፈታ አውቃለሁ። የገዛ እጄን እንዲያ ጠልቼው አላውቅም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። አማቴ አዋላጇን ጠይቀው መጡና ትከሻዬን ይዘው "ሂን ሶዳቲን፤ አትፍራ ልጄ፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው" አሉኝ። መሬት ተቀመጥኩ። ልጄን ኮፍያዋን አድርገው ሲያሳዩኝ ጉንጯን ዳሰስኩ፤ ከጉንጯ ወደ ላይ ግን እጄ አልሄደም።

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ከዚያ ወዲህ ክር ላቀብላት እንኳ እጄን ስዘረጋ "ተው፣ አንተ ዕቃህን እሰር" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ትናንት እንደምንም ኮፍያዋን ገልብጬ ዙሪያዋን በአውራ ጣቴ ዳበስኩ። ቋጠሮ የለም። ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ወፈር ትላለች፤ ጫፎቹ ጎን ለጎን ተኝተው አብረው ተሠርተዋል። ቆጠርኩ፤ ሰባት፣ ሰባት። አንዱ ልቃቂቱ ሲያልቅ የቀጠለችው ነው። ሁለተኛው የኔ ነው። እጇ እዚያ ሲደርስ ቋጠሮዬን ቆርጣ ጥላዋለች፣ ምጡ ሳይጀምራት።

ያፍራል ብላ ይሆን ዝም ያለችው? አሁን ማንን ልጠይቅ።

ኮፍያዋን መልሼ በነጠላዋ ጠቀለልኳት። ጫፉን አልቋጠርኩትም።