የሚቀለው ማስተርስ

የባንኩ በር ጠባቂ የደንብ ልብሷን እጅጌ ሁለት ጊዜ አጥፋ ነው የምትለብሰው፤ ለወንድ የተሰፋ ነውና። ደረት ኪሷ ውስጥ ሁለት የማስተርስ ማመልከቻ ቅጾች አሉ፤ አንዱ የፋይናንስ፣ ሌላው የቢዝነስ አስተዳደር። ሠራተኞቹን ስትፈትሽ፣ «እርስዎ የቱን ተማሩ?» ሳትል አታሳልፍም። ሁሉም ያው የየራሱን ያሞግሳል።

ዛሬ የብድር ክፍል ኃላፊው ሳቀባት። «የታሪክ ዲግሪ ይዘሽ ከቁጥር ጋር ምን አታገለሽ? አስተዳደሩን ተማሪ፣ እሱ ይቀልሻል።»

ቦርሳውን እስከ ታች በረበረችው፤ ምሳ ዕቃውን ሳይቀር አስከፈተችው። ከኋላው ሰልፉ ረዘመ።

«የሚቀለውንማ ይኸው በር ላይ ቆሜ እየሠራሁት ነው» አለችና የአስተዳደሩን ቅጽ አውጥታ እፊቱ ቀደደችው። «ይለፉ፣ ጋሼ። ፋይናንሱን ተምሬ እስክጨርስ፣ ወንበርዎን ለሁለት ዓመት አውሼዎታለሁ።»